ለቅሶ ካለ ትምህርት የለም

ጋሽ ኤርምያስ የሞቱት በግንቦት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። በዚያው ሰዓት በደሴ ከተማ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እሳቸው ክፍልፋይ እያስተማሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ይህ ማንንም አያስደንቅም። የከተማው ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በማዳመጫቸው የሚሰሙት የእሳቸውን ድምፅ ነው። ከዓመታት በፊት ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ድምፅ የሚሠራው ማዕከል ሰዎች መጥተው፣ ልጅ በአገሩ ሰው አነጋገር ሲማር ቶሎ ይገባዋል፣ ስለዚህ ከየከተማው አንድ አንጋፋ መምህር እንፈልጋለን አሉ። ደሴ ጋሽ ኤርምያስን ሰጠች። ሰዎቹ ሁለት ክረምት አጠገባቸው ተቀምጠው ሲቀዱና ሲጠይቁ ከረሙ፤ ድምፃቸውን ብቻ ሳይሆን ዐመላቸውንም ወሰዱ። ልጅ ቢዋሽ ምን ይሉታል? ቢያኮርፍስ? ሁለት ጓደኛሞች ቢጣሉ ማንን ቀድመው ያናግራሉ?

ሄራን በዚያ ሥራ ላይ ነበረች። የትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ቅጥር መምህርት እሷ ስለነበረች፣ ከእሷ ወዲህም መምህር የሚባል ስላልተቀጠረ፣ እንግዶቹን ታግዝ ተብላ ተመድባ ነበር። ከሰማችው ሁሉ ሁለት መልስ ከጆሮዋ አልጠፋም። አንደኛው፣ ልጅ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠው ሲሏቸው የተናገሩት ነው። «ቃሉን ከጀመረ እስኪጨርስ ይጠበቃል» አሉ። በጣም ቢዘገይስ? «ይዘግያ። የት ልንሄድ ነው?» ሁለተኛው፣ ትምህርት የሚቋረጠው መቼ መቼ ነው ሲሏቸው ነው። ጋሽ ኤርምያስ ጊዜ አልወሰዱም። «ለቅሶ ካለ ትምህርት የለም። ሰው ሞቶ፣ ልጅ ሰብስቤ ማባዛት አላስተምርም። አሰልፌያቸው ለቅሶ እደርሳለሁ።» የሚቀዳው መሐንዲስ ፈገግ ብሎ ይህንንም ድምፁ ውስጥ አስገባው።

አሁን ሄራን ሃምሳ ሞልቷታል፤ መጠሪያዋም ክፍል ጠባቂ ነው። ጠዋት መስኮት ትከፍታለች፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ መልሳ ትዘጋለች፣ አፍንጫ ታብሳለች፣ የጠፋ ማዳመጫ ከዴስክ ሥር ትፈልጋለች። ትምህርት ማስረዳት አልተፈቀደላትም። ሁለት ድምፅ ልጅን ያደናግራል የሚል መመሪያ አለ፤ አንዱ ቀና ብሎ ከጠየቃት «ጋሼን ጠይቃቸው» ማለት አለባት። መጀመሪያ ሰሞን ያንገበግባት ነበር፣ እያደር ለመደችው።

ክፍሉ ጸጥ ያለ አይደለም፣ የሚንጫጫም አይደለም። ሠላሳ ልጅ ለየራሱ ያጉተመትማል። ከአንዱ ጋር ጋሼ ክፍልፋይ ላይ ናቸው፣ ከሌላዋ ጋር ገና መቀነስ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ልጅ ጋር ደግሞ ስለ ወንዞች ያወራሉ። አንዱ ሲስቅ ጎረቤቱ በምን እንደሳቀ አያውቅም፤ አይጠይቅምም።

እውነት ለመናገር ነገሩ ጥሩ ነበር። ሄራንም ይህን አትክድም። እሷ ስትማር ስልሳ ልጅ ባንድ ክፍል ይታጨቅ ነበር፤ ሰነፍ የተባለ ከኋላ ይቀመጣል፣ ያልገባው ከገባው ጋር አብሮ «ገብቶናል» እያለ ዓመቱን ይጨርሳል። አሁን ያልገባው እስኪገባው ይነገረዋል፤ የሚያፍርበት ሰውም የለም። በዱላ የተመታ ልጅ የሚታወቀው በአያቶች ወሬ ብቻ ነው።

አሰገደች ለዚህ ምስክር ናት። የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ለልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት ፋሽን የሆነበት ጊዜ ስለነበር ሄራኖቹና ናታኖቹ ሲያረጁ ክፍሉ በአሰገደችና በዘለቀ ተሞልቷል። ትንተባተባለች። ከእናቷ ጋር ወደ ደሴ ስትመጣ በሰው ፊት ትንፍሽ አትልም ነበር፤ በቀድሞ ትምህርት ቤቷ የነበረው ድምፅ ትንሽ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፍባት ነበርና፣ መልሱን እያወቀች ዝም ማለትን ተማረች። ጋሼ ግን ጠበቋት። አንዳንዴ አንዲት ቃል እስክትወጣ መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ዴስኩ ላይ ይደርሳል። ዓመቱ ሳይጋመስ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተናገረች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በእውነተኛው ጋሽ ኤርምያስ ደጅ ማለፍ ጀመረች። ሽማግሌው በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ፣ እሷ ትቆማለች፣ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው እስክትጨርስ ያዳምጣሉ።

ድምፁና ሰውየው የተለያዩ መሆናቸው ለልጆቹ ተነግሯቸዋል። ልጆቹም ራሳቸውን ነቅንቀዋል። ሰኞ ሲመጡ ግን የቅዳሜውን ወሬ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ ድምፁም «እስቲ እንደገና ንገሩኝ» ብሎ ይቀበላቸዋል።

የዕድሩ መልእክት ሄራን እጅ ላይ ሲደርስ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። አነበበችው። ቀና ስትል አሰገደች በማዳመጫዋ በሰማችው ነገር አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ሄራን ሳታስበው ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ጫፉን ያዘች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ናታን ወደ ቢሯቸው አስጠሯት። ከሷ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ወይዘሮ ሄራን፣ ፈተናው ደርሷል» አሉ። «ልጆቹ አሁን እንዳይሰሙ። ሌላ ከተማ ላይ ተነግሯቸው ማዳመጫ አናደርግም ያሉ አሉ፤ ውጤታቸውም ወደቀ። ከፈተና በኋላ ቢነገራቸውስ?»

ሄራን እሺ አለች። እሺ ያለችውም ፈርታ ሳይሆን ነገሩ የአገር ወግ ስለሆነ ነው። ተማሪ ቤት ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም፤ ፈተናው ይለፍ ይባላል። እሷም የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዋ ላይ ሳለች አባቷ ሞተው ነበር። በደወለች ቁጥር «መስክ ወጥተዋል»፣ «አሁን ገና ተኙ» ይሏት ነበር። ፈተናው አልቆ በማግስቱ ማለዳ አጎቷን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግቢው በር ላይ ቆመው ስታያቸው ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። ፈተናውን አልፋለች። አባቷ በተቀበሩ ቀን ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር ውላ ነበር፤ ያን ቀን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ከተማው በአንድ ልብ ደበቀ። ማንም ማንንም ማስገደድ አላስፈለገውም፤ ሁሉም ያውቅበታል። ወላጆች ሰርግ አለብን ብለው ቀብር ሄዱ። እናቶች ከለቅሶ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን በውሃ አብሰው ነው ቤት የሚገቡት። የልጆቹ መሣሪያ እንደሁ ወሬ አጣርቶ ነው የሚያሳልፈው። ጋሽ ኤርምያስ የት ሄዱ ብለው የጠየቁትን «ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደዋል» አሏቸው። በማግስቱ ጠዋት ድምፁ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» አለ።

ፈተናው አለፈ፤ ውጤቱም አማረ። ሄራን ወደ አቶ ናታን ሄደች።

«እንግዲህ እንንገራቸው።»

አቶ ናታን ጠረጴዛቸውን ተመለከቱ። «ማዕከሉን ጠይቄ ነበር። አያስፈልግም አሉኝ።»

«ምኑ?»

«መርዶው። ልጆቹ ምን ጎደለባቸው አሉ። ጋሼ አልተለዩአቸውም። በሚቀጥለው ዓመትም አሉ፣ ለታናናሾቻቸውም አሉ።»

«መርዶ የሚቀር ነገር ነው እንዴ?»

«አይቀርም ነበር» አሉ አቶ ናታን። «ድሮ ሰው ሲሞት ድምፁ ይጠፋል፣ መናገር ግድ ይሆናል። አሁን ድምፁ አለ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ወይዘሮ ሄራን። ግን ከተናገሩ ሥራዎትን ማትረፍ አልችልም።»

መስከረም ሲገባ ልጆቹ ለጋሽ ኤርምያስ የሳሉትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘው ከተዘጋው ደጅ ተመለሱ። ትምህርት ሲከፈት ሥዕሎቹ ዴስካቸው ውስጥ ነበሩ። የክፍል ጠባቂ የፈለገችውን ልጅ ትምህርት ማድመጥ ይፈቀድላታል፤ ሄራን የመጀመሪያውን ቀን የአሰገደችን ከፈተች። ክረምቱን ሙሉ ዝም ብላ ይሆን ብላ ፈርታ ነው።

ልጅቱ ዴስኩ ላይ ጎንበስ ብላ እየታገለች ነበር። «ጋ... ጋ... ጋሼ» አለች። ድምፁ ጠበቀ። «ተ... ተሻለዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ድምፁ። «አንቺስ? ክረምቱ እንዴት አለፈ?»

የአሰገደች ፊት በራ። ማዳመጫዋን አውልቃ ወደ ጎረቤቷ ዞረች፤ ጎረቤቷ ለሌላው ነገረ፤ ወሬው ከወንበር ወንበር ዞረ። ጋሼ ተሽሏቸዋል። አንዱ አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተሉት።

ሄራን ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰች። ለሟቹ አይደለም የምታለቅሰው። ቤተሰቦቿ ሲደብቋት ቢያንስ እየተጨነቁ ነበር፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ድምፁ ይሰባበር ነበር፣ ስለዚህም ውሸቱ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም ነበር። ይህኛው ውሸት ግን የሚደክመው ሰው የለውም። የሚናገረው ራሱ እንደሚዋሽ አያውቅም። እነዚህ ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውም ጋሼ እንዴት አደሩ ብለው፣ ደህና ይባላሉ።

በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣች ወደ ሐጂ ሙባረክ ቤት ሄደች። የሰፈሩ ዕድር ዳኛና የጋሽ ኤርምያስ የአርባ ዓመት ጎረቤት ናቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሐጂ እስክትጨርስ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ ሰሟት።

«መርዶ ቤት ለቤት ነው የሚነገር» አሉ። «ለሠላሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ተነግሮ አላውቅም።»

«ባንድ ቤት ነው የሚውሉት ሐጂ። ቤታቸው ክፍሉ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ለሱብሂ ሶላት ተነስቼ እመጣለሁ። ወላጆቹን አንቺ ንገሪ፤ በልጆቹ ላይ ከወላጅ ጀርባ አልገባም።»

ብዙዎቹ ወላጆች ሸክም እንደወረደላቸው ሰው እሺ አሉ። የአሰገደች እናት ቢታንያ ግን በሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

«ልጄ አፏን የፈታችው በሳቸው ነው» አለች። «ነገ ተመልሳ ዝም ብትልብኝ አንቺ ታናግሪልኛለሽ?»

ለሄራን መመሪያው ማስረዳት እንኳ አይፈቅድላትም። «አላውቅም እህቴ» አለች ሄራን። «ትልቅ ሰው ሆና ስትሰማው ግን ሁላችንንም አታምነንም። እኔ አውቀዋለሁ።»

ቢታንያ በሩን ዘጋች።

ጠዋት ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። ልጆቹ ሲገቡ ሐጂ ሙባረክ ከፊት፣ ወላጆች በግድግዳው ዙሪያ ቆመው አገኟቸው። የሴቶቹ ነጠላ የተዘቀዘቀ ነው። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ድምፃቸውን ቀነሱ። ዘግይታ፣ ከሁሉ ኋላ፣ ቢታንያ ገባች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ወደ ሄራን ግን አልተመለከተችም።

«ማዳመጫችሁን አውልቁና ዴስካችሁ ላይ አድርጉት» አለች ሄራን።

ሐጂ ሙባረክ እጃቸውን ዘረጉ። «ተቀመጡ ልጆቼ። ጋሽ ኤርምያስ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ወንድሜም ነበሩ። አምና በግንቦት አርፈዋል። እኛ ነን የደበቅናችሁ፤ ለፈተናችሁ ብለን ነው።»

 መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ዘለቀ ተነሣ። «ተሽሏቸዋል እኮ» አለ። «ትናንት ራሳቸው ነግረውናል።»

ሐጂ ወደ ሄራን ዞሩ። 

«የነገራችሁ ድምፁ ነው» አለች ሄራን። «ድምፁ አልሰማም። ማንም አልነገረውም።»

ያኔ ዘለቀ ተቀምጦ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ለቅሶው ከእሱ ተነሥቶ ክፍሉን አዳረሰ። ወላጆች በየዴስኩ ሄደው ልጆቻቸውን አቀፉ። አቶ ናታን ድምፅ ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ያላለቀሰችው አሰገደች ናት። እናቷ ልታቅፋት ስትል እጇን ቀስ አድርጋ ገፋችው፤ ማዳመጫዋን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሄራንም የራሷን አደረገች።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አለ ድምፁ።

«ጋሼ» አለች አሰገደች። አሁን ሐጂ ሙባረክ ሲያደርጉ እንዳየችው እጇን ዘረጋች። «ይ... ይቀመጡ።»

«እሺ፣ ተቀምጫለሁ።»

«ጋሽ ኤ... ጋሽ ኤርምያስ...» ቃሉ እዚያ ላይ ያዛት። ከንፈሯ ይሞክራል፣ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ እንደገና ትጀምራለች። ድምፁ ጠበቀ። ለቅሶው ረገበና ክፍሉም ጠበቀ። አቶ ናታን አንድ እግራቸውን ክፍሉ ውስጥ እንዳደረጉ ቆመው ጠበቁ። «ሞ... ሞ...» ረጅም ጊዜ ሆነ። «ሞተዋል።»

ምንም አልተሰማም። በዚያ ሁሉ ዓመት ያ ድምፅ ዝም ያለው ልጅ ለመጠበቅ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠበቅ ልጅ አልነበረም።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጆቼ» አለ በመጨረሻ። «ለቅሶው የት ነው?»

«እ... እርስዎ ቤት።»

«እንግዲያው ተነሡ። ለቅሶ ካለ ትምህርት የለም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተሰለፉ፣ ትንንሾቹን መሐል አድርጉ። መንገድ ስትሻገሩ እጅ ለእጅ ተያያዙ።»

የአሰገደች ዴስክ ላይ የነበረው ስክሪን ጠፋ። ቀጥሎ የጎረቤቷ ጠፋ፣ ከዚያ የክፍሉ በሙሉ። ድምፁ በሁሉም ክፍል አንድ ነውና ያንኑ ቃል በየማዳመጫው ተናገረ፤ በጎን ባለውም ክፍል ስክሪኑ ጠፋ፣ ከታች ባለውም። አቶ ናታን እጃቸው ላይ ያለውን መሣሪያ ደጋግመው ነኩት። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች እየተደወለላቸው ነበር፤ ሁሉም ትምህርቱ ለምን ተቋረጠ ብለው ይጠይቃሉ። ትንሽ አሰቡና በሩን ለቀው ቆሙ።

ልጆቹ በጭጋጉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። ሄራን ከኋላ ነበረች። ወደ ጋሽ ኤርምያስ ደጅ የሚወስደው ዳገት ላይ ሲደርሱ በሌላው መንገድም የተሰለፉ ልጆች ሲመጡ አየች፤ ከዚያ ወዲያም ሌሎች። ሐጂ ሙባረክ የዕድሩን ድንኳን አስወጡ። በግንቦት የተተከለው ድንኳን በመስከረም እንደገና ተተከለ። ልጆቹ ሥዕሎቻቸውን በተዘጋው በር ሥር አስገቡና መሬት ላይ ተቀመጡ። ከተማው ያን ቀን እንደ ልቡ አለቀሰ።

ማዕከሉ አልዘገየም። በሳምንቱ አዲስ ድምፅ መጣ። የአንድ ሰው አይደለም፤ ከብዙ ሰው ተውጣጥቶ የተሠራ ነው። ባለቤት ስለሌለው አይሞትም፤ ለቅሶም አያውቅም። አነጋገሩ የጠራ ነው። ወላጆች ደህና ነው አሉ፤ እውነትም ደህና ነበር። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ወደ ክፍልፋያቸው ተመለሱ። ሄራን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ያላባረሯት አቶ ናታን ተከራክረውላት ነው። ከእንግዲህ ለልጅ ከጤናና ከንጽሕና በቀር አንድ ነገር ብትናገር ግን የሚከራከርላት የለም።

አሰገደች አዲሱን ድምፅ ሞከረችው። ሄራን በማዳመጫዋ ሰማች። ልጅቱ ጀመረች፣ ያዛት፣ እንደገና ጀመረች።

«አይዞሽ፣ በጣም ጥሩ ሙከራ ነው» አለ ድምፁ። «ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ።»

አሰገደች ማዳመጫዋን አወለቀች። ዴስኩ ላይ አስቀመጠችው፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፣ አፏን ገጠመች። ሄራን ያንን አገጣጠም ታውቀዋለች፤ ልጅቱ ደሴ የገባች ሰሞን የነበራት ነው። ቢታንያ በሩን ይዛ የጠየቀቻት ጥያቄም ትዝ አላት።

ክፍሉ ያጉተመትማል። ከጣሪያው ሥር ያለው የማዕከሉ መከታተያ ካሜራ ትንሽ መብራቱን እንዳበራ ነው። ሄራን የራሷን ማዳመጫ አውልቃ ኪሷ ከተተች። ከጥግ ያለውን ወንበር ጎትታ አሰገደች አጠገብ ተቀመጠች፤ መስኮት ትዘጋበት በነበረው ሰዓት።

«እኔን ጠይቂኝ» አለች።

አሰገደች ወደ መከታተያው ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ሄራንን አየች። አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋ ፊደል ወጣችና ቀረች፣ ደግማ ወጣችና ቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የት ልንሄድ ነው?» አለቻት ሄራን፣ እጇን ይዛ።